የእርግዝና የተለመዱ ሕመሞች፦ ቤት ውስጥ የሚቀሉበት መላና የቤት መላ የሚያበቃበት ድንበር

ሽንኩርት በድስት ውስጥ ሲቁላላ የሚወጣው ሽታ ለብዙ ሴት የእርግዝናዋ የመጀመሪያ አብሳሪ ነው። ትናንት ምራቅ ያስውጥ የነበረው ቁሌት ዛሬ አፍንጫ አስይዞ ከማድ ቤት ያስወጣል፤ የወር አበባዋ መቅረቱን ገና ሳታስተውል ሆዷ የሚገለበጥባት ሴት ጥቂት አይደለችም። ከዚያ ወዲያ ባሉት ወራት ቃሩ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የወገብ ሕመሙና የእግር እብጠቱ በየተራ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ በየቤቱ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፤ «እርግዝና ነው፣ ቻይው»። በአዋላጅነት ሥራዬ እንዳየሁት ይህ አባባል በሁለት በኩል ይጎዳል። በቀላል መላ ሊቀል የሚችለውን ሕመም ያለ ምክንያት ያሸክማል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ እርግዝናው ራሱ አደጋ ላይ መሆኑን የሚናገረውን ምልክት ከተለመደው ጋር ደባልቆ መሸፈኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ሕመሙን ምን እንደሚያቀለውና የቤት መላ የት ላይ እንደሚያበቃ።

ማቅለሽለሽና ማስታወክ

ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ደግሞ ብዙዎችን ይለቃል። ጠዋት ይብሳል ይባላል እንጂ ቀኑን ሙሉ የማይለቃቸው ሴቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የታተመ ምርምር እንዳሳየው ጂዲኤፍ15 የተባለ ሆርሞን ከፅንሱና ከእንግዴ ልጁ በብዛት ወደ እናቲቱ ደም ይገባል፤ ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን በደሟ ውስጥ አነስተኛ የነበረባት ሴት ደግሞ ለእርሱ ስላልተላመደች ይበልጥ ትታመማለች። ይህን የማነሣው ማቅለሽለሽን እንደ መሞላቀቅ ለሚቆጥሩ ባሎችና አማቶች ነው። ሕመሙ ከደም የሚመጣ እንጂ የፀባይ ጉዳይ አይደለም።

ዋናው ጠላት ባዶ ሆድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ ያደረ ሆድ ድንገት ከአልጋ ሲነሡበት ይገለበጣል። ስለዚህ ማታ ሲተኙ ጥቂት ደረቅ ነገር፣ ማለትም የቂጣ ቁራሽ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ብስኩት፣ በሳህን ሸፍነው ከራስጌዎ ያስቀምጡ። ሲነቁ እግርዎን ወደ መሬት ከማውረድዎ በፊት ቀና ብለው ተቀምጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆርጥሙ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በዝግታ ይነሡ። ቀኑንም በሦስት ትልልቅ ማዕድ ፈንታ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ይብሉ። ውሃውን ከምግብ ጋር አብሮ ከመጠጣት ይልቅ በምግብና በምግብ መካከል ፉት እያሉ መውሰድ ይሻላል፤ ትኩስ ምግብ ስለሚሸት፣ የቀዘቀዘ ወይም ለብ ያለ ምግብ ይበልጥ ይስማማል።

ዝንጅብል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል ምክረ ሐሳብ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ከሚረዱ ነገሮች መካከል ዝንጅብልንና ቫይታሚን ቢ6ን ጠቅሷል። ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ እርጥብ ዝንጅብል ልጦ፣ ከትፎ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማቆየትና አጥልሎ ፉት ማለት በቂ ነው። አብዝቶ ማክረር ግን ወደ ቃር ይመራል። ቫይታሚን ቢ6ን በተመለከተ መጠኑን ሐኪም ወይም አዋላጅ ይወስን። ከቁሌቱ ጉዳይ ለመገላገል ደግሞ መላው አንድ ብቻ ነው፤ ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ያቁላው። ባል ወጥ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ብዙ ሴቶች የብረት እንክብሉን «ያቅለሸልሸኛል» ብለው ያቆሙታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የሚመክረው ለእናቲቱም ለሕፃኑም ደም ስለሚያስፈልግ ስለሆነ፣ ከማቆም ይልቅ ሰዓቱን መለወጥ ይሻላል። ማታ ከመተኛትዎ ቀደም ብሎ፣ ትንሽ ነገር ቀምሰው፣ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱት። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያርቁት፤ ምክንያቱም እነዚህ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ሰገራ መጥቆሩ የእንክብሉ ጠባይ ስለሆነ አያስደንግጥ። ቡናን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ በርካታ አገሮች ጣሪያውን 200 ሚሊ ግራም ላይ አድርገውታል። ከአቦል እስከ በረካ በቀን ሁለት ጊዜ በሚፈላበት ቤት አንድ ስኒ ጠጥቶ ሌላውን ለጎረቤት መተው ከብዙ ስሌት ያድናል።

በጾም ወራት ጉዳዩ ይከብዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ የሚውል ሆድ ማቅለሽለሹን እጥፍ ያደርገዋል። የጾም ምግቡ ራሱ፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ፣ ለነፍሰ ጡር መልካም ነው፤ የሚጎዳው የሰዓቱ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ስለ ማሳጠር የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በረመዳንም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሷ የምትሰጋ ከሆነ አፍጥራ በኋላ ቀዳ የማውጣት፣ ማለትም ያለፋትን ቀን በሌላ ጊዜ ጾሞ የመተካት፣ ፈቃድ አላት።

ድንበሩ ይህ ነው፤ ለአንድ ሙሉ ቀን የጠጡት ውሃ እንኳ ካልረጋ፣ ሽንትዎ አንሶ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሲቆሙ ካዞረዎት ወይም ከክብደትዎ ከመቶ አምስቱን ካጡ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበሩ 57 ከገቡ፣ ነገሩ ከተለመደው ማቅለሽለሽ አልፏል። በጤና ጣቢያ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና ለነፍሰ ጡር በሚሆኑ የማስታወክ ማስታገሻዎች በአጭር ጊዜ ይረዳሉ። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ትኩሳት በምንም ወር የእርግዝና ሕመም አይደለም። በተለይ በቆላ አካባቢ ለምትኖር ሴት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ማስታወክ አንድ ላይ ሲመጡ የወባ ምርመራ በዚያው ዕለት ያስፈልጋል።

ቃር፣ ከዚያም «ጨጓራ» የምንለው ነገር

ቃር ከምግብ በኋላ ከደረት ሥር ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ቃጠሎ ነው። ፕሮጄስትሮን የተባለው የእርግዝና ሆርሞን በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላዋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ያደገው ማሕፀን ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አሲዱም በላላው በር በኩል ሽቅብ ይወጣል። እንግዲህ መላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ጨጓራን አለመሙላት፣ ሞልቶም ከሆነ አለመተኛት።

እኛ ዘንድ ራት የሚበላው አምሽቶ ነው፤ ከዚያም ወዲያው መኝታ ይከተላል። ከምሽቱ አራት ሰዓት የምትተኛ ነፍሰ ጡር ራቷን እስከ አንድ ሰዓት ብትጨርስ የሌሊቱ ቃር በግማሽ እንደሚቀልላት ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። ቀይ ወጡን ለጊዜው በአልጫ መተካት፣ ቅባቱን መቀነስ፣ ከበሉም በኋላ ዕቃ ለማንሣት ወገብ አለማጉበጥ ይረዳል። ትራስ መደራረብ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ አንገትን ብቻ አጥፎ ሆድን ይጨምቃል። ይልቁንም ከፍራሹ ሥር በራስጌ በኩል የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አስገብቶ ከወገብ በላይ ያለውን አካል ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ራስጌ ከፍ እንዲል ማድረግ፣ በግራ ጎንም መተኛት ይሻላል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም ያለባቸው የአሲድ ማርገቢያዎች በባለሙያ ምክር መውሰድ ይቻላል፤ ከብረት እንክብሉ ግን ሁለት ሰዓት ይራቁ። የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ጨው ስለሚያበዛ አይመከርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በእኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ «ጨጓራ» ነው። አንዲት ስምንት ወር የገባች ሴት ወደ ክፍላችን መጥታ «ጨጓራዬ ነው፣ ሁለት ቀኑ፤ ሽሮፑን ስጡኝና ልሂድ» አለችኝ። እጇን ያሳረፈችው ከደረቷ መካከል ላይ ሳይሆን ከቀኝ ጎድኗ ሥር ነበር። ፊቷ ጠዋት ጠዋት እንደሚያብጥና ራሷን እንደሚያማት የነገረችኝ ስጠይቃት ብቻ ነው። ግፊቷ ሲለካ 160 በ110 ሆነ፤ ሽሮፑ ቀርቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተላከች። ያ ሕመም ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የደም ግፊት፣ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ ጉበቷን መንካቱን የሚያመለክት ነበር።

ይህ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ሲሆን 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ክትትል ይፈልጋል። ከቃር የሚለይበት መንገድ አለ። ቃር ያቃጥላል፤ ይህኛው ይጫናል ወይም ይወጋል። ቃር ከምግብ በኋላ መጥቶ ቀና ሲሉ ወይም ማርገቢያ ሲወስዱ ይቀላል፤ ይህኛው ምግብን አይጠብቅም፣ በማርገቢያም አይበርድም። ከኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም የብርሃን ብልጭታ ከማየት፣ ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ያስፈልጋል። በሁለተኛው አጋማሽ «ጨጓራ» ያመማት ነፍሰ ጡር ሁሉ ከመድኃኒቱ በፊት ግፊቷን ትለካ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲያስታውስ እመርጣለሁ።

ሆድ ድርቀትና ኪንታሮት

ያው ፕሮጄስትሮን አንጀትንም ያዘገየዋል፤ የብረት እንክብሉ ይጨመርበትና ሆድ ይደርቃል። በቀን ከስምንት እስከ አሥር ብርጭቆ ውሃ፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ በነጩ ዳቦ ፈንታ፣ የጤፍ እንጀራ፣ በሶ፣ ጎመን፣ ምስርና ባቄላ፣ በደንብ የበሰለ ፓፓያ፣ ከዚያም በየቀኑ የግማሽ ሰዓት እርምጃ አብዛኛውን ሰው ይፈታዋል። ያልበሰለ ፓፓያ ግን ወተቱ ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል ይቅር። የተቀማመጡ ነገርም ሚና አለው፤ ቁጢጥ የሚባልበት የድሮው መጸዳጃ ለአንጀት ከዘመናዊው ይልቅ ይመቻል፤ በዘመናዊው ላይ የሚቀመጡ ከእግርዎ ሥር በርጩማ አድርገው ጉልበትዎን ከወገብዎ ከፍ ቢያደርጉ ተመሳሳዩን ጥቅም ያገኛሉ። የጉሎ ዘይትና ሰናመኪ ከገበያ ገዝቶ መጠጣት አይገባም፤ ማለስለሻ ካስፈለገ ለነፍሰ ጡር የሚሆነውን ባለሙያ ያዝዛል።

ኪንታሮት የድርቀቱና የማሕፀኑ ጫና ልጅ ነው። ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሰዋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም ለጥቂት ደቂቃ ቢያዝ እብጠቱን ይቀንሳል። አብዛኛው ከወሊድ በኋላ በራሱ ይመለሳል። በእርግዝና ጊዜ በባህል ሐኪም ማስቆረጥ ወይም የሚያቃጥል መድኃኒት ማስቀባት ደም መፍሰስንና መመረዝን ስለሚያስከትል ፈጽሞ አይሞከር።

ወገብና ዳሌ

ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ የሰውነት ሚዛን ይለወጣል፤ ሴቲቱም ላለመውደቅ ወገቧን ወደ ኋላ ታጎብጣለች፤ በዚያ ላይ ሆርሞኖች የዳሌን መገጣጠሚያ ጅማቶች ያላላሉ። የሕመሙ መጠን ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ቀኑ በምን እንደዋለ ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ እርሱን በጀርባ አዝሎ ዳገት የሚወጣ ወገብ ምንም ዓይነት ትራስ አያድነውም። ስለዚህ የመጀመሪያው መላ ጀሪካኑን ለሌላ ሰው ማሸከም ነው፤ ይህ ካልተቻለ በአምስት ሊትር ዕቃ ደጋግሞ መቅዳት። ከመሬት ላይ ነገር ሲያነሡ ጉልበት እንጂ ወገብ አይታጠፍ። እንጀራ መጋገሪያው መሬት ላይ ከሆነ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይጋግሩ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነም ወገብ በማያስጎነብስ ከፍታ ላይ ያስቀምጡት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወገብና ለዳሌ ሕመም ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ የሆድ መደገፊያ ቀበቶ ነው። የእኛ እናቶች ይህን በመቀነት ሲያደርጉት ኖረዋል፤ አስተሳሰሩ ግን ቁም ነገር አለው። ሰፋ ተደርጎ የታጠፈ መቀነት ወይም ነጠላ ከሆዱ በታች፣ ከዳሌ አጥንት ላይ፣ ሆዱን ከሥር ደግፎ እንዲያዝ ሆኖ ይታሰራል፤ እንዲሁም ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ከሆዱ በላይ አጥብቆ ማሰር ትንፋሽን ያውካል፣ ቃርንም ያብሳል። ሲተኙ በጎን ሆነው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ፤ ከአልጋ ሲነሡም አስቀድመው በጎን ዞረው፣ እግርዎን አውርደው፣ በክንድዎ ተገፍተው ይነሡ። ድንገት ሲነሡ ብሽሽት አካባቢ ሽምቅቅ የሚያደርግ ፈጣን ውጋት ማሕፀንን የሚይዙት ጅማቶች መሳብ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ቢያርፉ ያልፋል።

ሆድን በቅቤ ማሳሸት ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርባንና ትከሻን በለስላሳ እጅ ማሸት ያሳርፋል፤ «ልጁ ዞሯል፣ ላስተካክለው» ብሎ ሆድን የሚጫን እጅ ግን የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቅ ይችላልና አይፈቀድለት። የወገብ ሕመሙ ከ37ኛው ሳምንት በፊት እየመጣ እየሄደ በየተወሰነ ደቂቃ የሚመላለስ ከሆነ ምጥ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጎን ሆኖ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ከሆነም የኩላሊት ኢንፌክሽን ነውና ሁለቱም ለነገ አይባሉም።

እግር፦ እብጠትና የባት መጨምደድ

በእርግዝና ጊዜ የደም ፈሳሹ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማሕፀኑም ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል። ስለዚህ ማታ ማታ ጫማ ቢጠብና የካልሲ ምልክት ቢቀር አይገርምም። በቀን ጥቂት ጊዜ በግራ ጎን ጋደም ብሎ እግርን በትራስ ላይ ከፍ ማድረግ፣ እግር ለእግር አለማጠላለፍ፣ ለረጅም ሰዓት አለመቆም ይረዳል። ቅዳሴ ላይ መቆም ለለመደች ሴት መቀመጥ ያሳፍራት ይሆናል፤ ቢሆንም ተቀምጣ ማስቀደስ ራሷን ስታ ከመውደቅ ይሻላል። እብጠት ለመቀነስ ብሎ ውሃ መተው ስሕተት ነው።

ድንበሩን ለማወቅ የቅልጥምዎን ፊት በአውራ ጣት አምስት ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁ። ማታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ሌሊቱን ዕረፍት አግኝቶ ጠዋት የሚጠፋ ከሆነ የተለመደው ነው። ጠዋትም የማይጠፋ፣ ፊትንና የዓይን ሽፋንን የሚያሳብጥ፣ ቀለበትን ከጣት አልወጣ የሚያሰኝ ድንገተኛ እብጠት ግን ወደ ግፊት መለኪያው ይመልሰናል። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ባቱ ቢያምም የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አይታሽ፤ በዚያው ዕለት ይመርመር።

የባት መጨምደድ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ጡንቻው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከእንቅልፍ ያስጮኻል። ወዲያው ጉልበትዎን ዘርግተው የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ሆድ አላስደርስ ካለ ባልዎ ተረከዙን ይዞ ውስጥ እግርዎን ቀስ እያለ ይግፋ፤ ወይም ቆመው ግድግዳ ተደግፈው ተረከዝዎን መሬት ላይ ያሳርፉ። ጣቶችን ወደ ታች መቀሰር ያብሰዋል።

ከብዙ በጥቂቱ

ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ኩላሊት ብዙ ደም ስለሚያጣራና ማሕፀን ፊኛን ስለሚጫን ነው። ውሃውን ቀን ቀን አብዝቶ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት መቀነስ በቂ ነው፤ ሲሸኑ ካቃጠለ ወይም ሽንቱ ከደፈረሰ ግን ኢንፌክሽን ነው፣ ያልታከመም ወደ ኩላሊት ይወጣል። ነጭ፣ ስስ፣ የማይሸት ፈሳሽ መብዛቱ የተለመደ ሲሆን፣ የሚያሳክክ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ ይታከማል፤ ውስጥን በሳሙና ማጠብ ያባብሰዋል እንጂ አያጸዳውም። የተወጠረ ሆድ ማሳከኩን ቫዝሊን ያስታግሰዋል፤ ሽፍታ ሳይኖር መዳፍንና ውስጥ እግርን ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ ግን የጉበት ምርመራ ይጠይቁ። ፊት ላይ ለሚወጣው ማድያት ጃንጥላና ባርኔጣ ይበቃሉ፤ በየሱቁ የሚሸጡ የፊት ማቅሊያ ቅባቶች ብዙዎቹ ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ ሊኖርባቸው ስለሚችል ለፅንሱም ለፊትም አይበጁም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጎን መተኛት ይመከራል፤ ሌሊት በጀርባ ሆነው ራስዎን ቢያገኙት ሳይደናገጡ መዞር ብቻ ነው።

አፈር ያማራት ሴት

አምሮት ብዙ ጊዜ ለሳቅና ለጨዋታ ይሆናል፤ ባልን በውድቅት ሌሊት ያልበሰለ ማንጎ ፍለጋ የሚያስወጣው ዓይነት። የግድግዳ ጭቃ፣ አፈር፣ ከሰል ወይም አመድ ያማራት ሴት ግን ስለምታፍር ለማንም አትናገርም። ይህ አምሮት ከደም ማነስና ከብረት እጥረት ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል፤ አፈሩም በበኩሉ የአንጀት ትላትል ይዞ ይገባና ደሙን ይበልጥ ያሳንሰዋል። በክትትል ጊዜ በግልጽ ይናገሩትና ሄሞግሎቢንዎ ይለካ፤ ከ11 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ደሙ ሲስተካከል አምሮቱ እንደሚለቅ የነገሩኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ቶሎ ቶሎ የሚያለከልክ ድካምና የዓይን ሽፋን ውስጥ መንጣትም ወደዚያው ምርመራ ያመራሉ።

ስለ መድኃኒትና ስለ ቅጠላ ቅጠል

ለራስ ምታትም ለወገብ ሕመምም ሲያስፈልግ ፓራሲታሞል በተነገረዎት መጠን መውሰድ ይችላሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ እንክብልም መርፌም ቢሆኑ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ፤ ከፋርማሲ ሲገዙም እርጉዝ መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ። ኮሶ ለእናቲቱም ለፅንሱም መርዛማ ነው። በቡና ስኒ ጣል የምትደረገው ጤናዳም እንኳ ማሕፀንን ልታኮማትር ስለምትችል ለእነዚህ ወራት ከስኒው ብትወጣ ይሻላል። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ኮሶ ትልና ለፅንስ የሚተርፍ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ሊያመጡ ስለሚችሉ ሥጋው ይብሰል።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ወሊድ ድረስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር መገናኘትን፣ የመጀመሪያውንም እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ማድረግን ይመክራል፤ በአገራችን የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አገልግሎቱ በነጻ ነው። በቀጠሮው ቀን «ደህና ነኝ» ብለው እንዳይወጡ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የሚብስበትን ሰዓትና የወሰዱትን ነገር ሁሉ፣ ቅጠሉንም ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፈው ወይም አብሮዎት ለሚሄድ ሰው ነግረው ይሂዱ። ቀጠሮ የማይጠብቁት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ከማሕፀን የሚፈስ ደም፣ ድንገት የሚፈስ ውሃ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማያባራ የሆድ ሕመም፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከለመዱት መቀነሱ። ለዚያ ሌሊት ከአሁኑ ይዘጋጁ፤ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ልጆች የት እንደሚያድሩና የክትትል ካርዱ የት እንደተቀመጠ ቤተሰቡ ይወቅ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርም፣ 907፣ በቤቱ ስልኮች ሁሉ ላይ ይመዝገብ።